የእኛን ከተማ ሌላ ሰው ያንብበው

ይድረስ ለድሮ እጮኛዬ፤

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ምን ያስዋሸኛል፣ እንዴት እንደከረምክ አውቃለሁ። ጉንፋን ይዞህ ነበር። ማክሰኞ «ከሰዓት በኋላ» ስትል ድምፅህ ተሰነጠቀ፤ ሐሙስ ደግሞ ሳልህን ልትደብቅ ወረቀቱን አንኮሻኮሽከው። አማቴ ሬዲዮኑን እንደ ሰው ፊት ትኩር ብለው እያዩ «ውይ ልጄን! ትኩስ ነገር የሚያቀምሰው ሰው የለውም መሰለኝ» አሉ። ትኩስ ነገር የሚያቀምስህ ሰው ይኑርህ አይኑርህ እኔን አይመለከተኝም፤ ካለች ግን ማር ጠብ ታድርግበት። እናትህስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ወይስ አሁንም ደረጃውን እየተሳደቡ ነው የሚወጡት? ሰላምታዬን አታድርስልኝ፤ ከየት መጣ ብለው ነገር ያበዙብሃል።

እኔ ደህና ነኝ። እጄም ዓይኔም ደህና ነው፤ የመኪና ሸራ እሰፋለሁ፣ የዳስ ሸራ እሰፋለሁ፣ ሙቀቱ ሲብስ ደግሞ ለሰው በረንዳ ጥላ እሰፋለሁ። እንቅልፌ ብቻ ነው የጠፋው።

ለምን ስልክ አትደውልም ትለኝ ይሆናል። ስንጋባ ድምፅህን ላልሰማ ለባሌ ቃል ገብቻለሁ። ስለ መጻፍ ግን ያስማለኝ የለም። ሬዲዮኑም ቢሆን የእኔ አይደለም፣ የአማቴ ነው። እሳቸው ጆሯቸው ስለደከመ እስከ ጥግ ይከፍቱታል፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬን በመርፌ ሰፍቼ ልዘጋው አልችልም።

ዙሪያ ጥምጥሙን ልተወውና ነገሬን ልንገርህ። ባሌ ሊሞትብኝ ነው። መሞቻው ውስጥ ደግሞ የአንተም ድምፅ፣ የእኔም አፍ አለበት።

ከተማችንን አይተሃት አታውቅም፤ የምታውቃት በካርታህ ላይ ነው። በካርታው ላይ ምን እንደምትመስል አላውቅም፣ በመሬት ላይ ግን አንድ አስፋልት፣ ከግራና ቀኙ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ ጎሚስታ፣ በቆመ መኪና ጥላ ሥር የተኙ ፍየሎች ናት። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ እየጋለ ይንጣጣል። መቀሴን ፀሐይ ላይ ከረሳሁት በጨርቅ ነው የማነሣው። ከከተማው ወጣ ሲባል ሰዉ «አሸዋው» የሚለው ደረቅ ወንዝ አለ። ወንዝ ነው ብትለው የሚስቅብህ ዓይነት ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አንዲት ሻይ ሻጭም መሃሉ ላይ ዳስ ተክላበታለች፤ ሸራዋን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ወደ ጨው ማምረቻው ካምፕ የሚወስደው መንገድ በዚያ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ድልድይ የሚባል ነገር የለም።

ክረምት ሲገባ እኛ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ እንደሆነ ነው። ጠብታ አይወርድም። ከሰዓት በኋላ ግን ከኮረብታዎቹ ጀርባ ደመናው ይከመራል፣ ነጎድጓዱ እንደ ባዶ በርሜል ይንከባለላል፤ እኛ ሙቀቱን እየተራገምን ሳለ ወንዙ ይመጣል። አይሞላም፤ ይመጣል ነው የምልህ። ግድግዳ ሆኖ።

ባሌ በዚያ መንገድ ነው ቦቴ የሚነዳው። የካምፑን ሠራተኞች ውሃ የሚያጠጣው እሱ ነው። እሱ ካልሄደ የሚጠጡት የለም፣ ስለዚህ አትሂድ ማለት አይቻልም። ደግሞ እኮ ያለ ችግር ይሠራው የነበረ ሥራ ነው! ክረምት ክረምት ማልዶ ይወጣል፣ ደመናው ሳይከመር ተመልሶ ቦቴውን በር ላይ ያቆማል፤ ከሰዓት በኋላውን ከጎሚስታው ጋር ዳማ ሲጫወት ይውላል። ይህን ዘዴ ያስተማረው ማንም አይደለም፤ በየዓመቱ በክረምቱ መግቢያ ከሬዲዮ የሚሰማው ነው። ማለትም አንተ ያስተማርከው። አንተ መሆንህን አያውቅም ነበር እንጂ። እጮኛ እንደነበረኝ ከመጋባታችን በፊት ነግሬዋለሁ፤ አየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው ስለው «እንግዲያው ዝናብ አመጣለሁ እያለ ሲያታልልሽ ኖሯል» ብሎ ስቆ ተወው። የሚያነበው ያ ሰው ራሱ መሆኑን ግን ከየት ያውቃል?

አንተ አሳወቅከው።

የዘንድሮውን የክረምት አዝማሚያ ያነበብክ ዕለት ምን ሆነህ ነው? በደንብ ጀምረህ ነበር። በበረሃማው ከተማና በአካባቢው ከሰዓት በኋላ የሚኖረው ነጎድጓዳማ ዝናብ ዘንድሮ ከመደበኛው ይበልጣል፣ ድንገተኛ ጎርፍ ሊከሰት ይችላል፣ አሽከርካሪዎች ከሰዓት በኋላ ደረቅ ወንዝ ከማቋረጥ ይቆጠቡ አልክ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብህ። አንተ ግን ትንፋሽ ወሰድክና «በዚያ ከተማ ሸራ የምትሰፉ ደግሞ ክራችሁን ከእርጥበት ጠብቁ» አልክ።

ምን ነካህ? በዚህ ከተማ ሸራ የሚሰፋ ከእኔ በቀር ማን አለ? እርጥብ ክር ሲደርቅ ስፌቱን እንደሚጨመድደው የአየር ጠባይ ባለሙያ ከየት ያውቃል? እኔ ነኝ የነገርኩህ። ሳታስበው አምልጦህ ይሆናል፤ ወይ አስበህበት ይሆናል፣ አልጠይቅህም።

ባሌ ያን ጊዜ ጎሚስታው ቤት ነበር። ሬዲዮኑ እዚያም ክፍት ነው። ጎሚስታው የያዘውን የጎማ ከመነዳሪ ጥሎ «ስማ አንተ፣ ይሄ የአየር ጠባዩ ሰውዬ ቤትህን ያውቀዋል እንዴ?» አለው። እዚያ የነበሩት ሹፌሮች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱ «ዝናቡን ተወው፣ ቤትህ ላይ የደመነውን እይ» አለ። እሱም አብሯቸው ሳቀ አሉ። ቤት ገብቶ ታጠበ፣ ራቱን በላ፣ ሳህኑን ራሱ አነሣ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ «ክርሽን ጠበቅሽው?» አለኝ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር፣ አመለጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ማልዶ መውጣት ቀረ። ጠዋቱን ጎሚስታው ቤት ዳማ ሲጫወት ያረፍድና አንተ ወንዝ አታቋርጡ ባልክበት ሰዓት ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ብድግ ይላል። ካምፑ ውስጥ ሰዎቹ በጥም ይነጫነጫሉ፣ እሱ ግን ልክ አንተ ሂድ እስክትለው፣ ይቅርታ፣ አትሂድ እስክትለው ይጠብቃል። ሹፌሮቹም መጫወቻ አድርገውታል፤ «ባላንጣህ ዛሬ ምን አለ?» ይሉታል። አማቴ ምኑንም አያውቁም፤ «ልጄ፣ ያ የተባረከ ልጅ ዛሬ ጎርፍ አለ እያለ ነው» ሲሉት፣ «እማዬ አንቺማ ድምፁን ወደሽለታል» ብሏቸው ይወጣል። እሳቸው ደግሞ «አዎ ወድጄለታለሁ፣ ምን አለበት!» ይላሉ። እኔ በመርፌ ጣቴን እወጋለሁ።

የእኔ መከራ ምን መሰለህ፤ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ይቆምና «ዛሬስ ምን አለ?» ይለኛል። እኔን ነው የሚጠይቀኝ። «ነጎድጓድ አለ፣ አትሂድ» ካልኩት ስሰማህ ውያለሁ ማለት ነው። «አልሰማሁም» ካልኩት ደግሞ ጎርፍ ውስጥ እያየሁ ሰደድኩት ማለት ነው። ስለ ሰማይ የማውቀው ነገር ሁሉ ከአንተ አፍ የመጣ ነው። አትሂድ የሚለው ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ ለእሱ የሚሰማው የአንተ ድምፅ ነው። ይሄንን ለማን ብዬ ልናገረው? ለጎረቤት? በማግስቱ ጎሚስታው ቤት ይደርሳል።

አንድ ቀን ብልጠት የሠራሁ መሰለኝ። አንተ ኃይለኛ ነጎድጓድ ያልክበት ቀን ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሲጠይቀኝ ፊቴን ሳላነሣ «ዛሬማ ደረቅ ነው፣ ምንም የለም ብሏል» አልኩት። ቁልፉን አሽከረከረና «እሱ ደረቅ ካለ እንግዲያው ጎርፍ ነው» ብሎ ጫማውን አወለቀ። እንዳትስቅ! ከሸራው ሥር እጄን አጣምሬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ቤት ዋለ። ወንዙም በዕለቱ መጣ፣ ድምፁ እስከ ቤታችን ተሰማ። ክረምቱን እንዲሁ እየዋሸሁ አሻግረዋለሁ ብዬ በሆዴ ሳስብ፣ አማቴ ከጓዳ ብቅ ብለው «አይ ልጄ፣ ያ ልጅ እኮ ነጎድጓድ ነው ያለው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደረቅ ነው ያለሽ ማነው?» አሉ። የደከመ ጆሯቸው የዚያን ቀን እንዴት እንደሰላ!

ባሌ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር ያልኩት ያኔ ነው። «ቃሉን ብቻ አይደለም፣ በእሱ ስም ውሸትም ታመጪልኛለሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የምናገረው ሁሉ ዋጋ አጣ። ዝናብ ብል ውሸት፣ ደረቅ ብል ውሸት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የማይሆን ነገር ሆነ። አሸዋው መሃል ላይ እያለ ውሃው ደረሰበት። ገና ጫፉ ነው አሉ፣ ዋናው አይደለም። እስከ ጋቢናው በር ድረስ ወጣ፣ ሞተሩን አንዴ አነቀው፣ ባሌ እንደምንም ከወዲያ ማዶ ወጣ። ረዳቱ የልጆች አባት ነው፤ የተቀደደ ሸራ ላሰፋ ብሎ መጥቶ ነው የነገረኝ። ሸራውን እንደታቀፈ «እትዬ፣ እኔ ሥራ ለቅቄያለሁ። ውሃው መስኮቱን ሲመታው ባልሽ ይስቅ ነበር። ሹፌር ሲፈራ አብሬው ነኝ፣ ሲስቅ ግን አልችልም» አለኝ። ከሄደ በኋላ የያዝኩትን ሸራ ዘቅዝቄ እየሰፋሁ እንደነበር አየሁት።

ልመናዬ ይሄ ነው። የእኛን ከተማ ሌላ ሰው ያንብበው። ሌላውን አገር አንተ አንብብ፣ ወደቡንም፣ ደጋውንም፣ ያሻህን። እኛ ጋ ስትደርስ ወረቀቱን ለዚያች ልጅ አቀብላት። በሰኔው መጨረሻ አንተ ያልነበርክበት ሳምንት እሷ ነበረች ያነበበችው፤ ድምፅዋ ቀጠን ያለ ነው፣ ግን ግልጽ ነው። ያን ሳምንት ባሌ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ማልዶ ወጣ! በማግስቱም ማልዶ ወጣ! ሹፌሮቹ የሚቀልዱበት አጡ፣ ረዳቱም እያፏጨ ቦቴውን አጠበ። እኔ ያን ሳምንት ለምን እንደሆነ እንጃ ሥራ አልገፋልኝም፤ አንድ ሸራ ሰፍቼ ፈታሁ፣ እንደገና ሰፋሁ፤ ግን ባሌ በሕይወት ይገባ ነበር። ለአለቃህ ምን ብለህ እንደምታስረዳ አንተ ታውቃለህ፤ ጉሮሮዬን አሞኛል በለው፣ ውሸትም አይደለም። ክረምቱ ገና ብዙ ይቀረዋል፣ አንተ ራስህ እስከ መስከረም አጋማሽ ይዘልቃል ብለሃል። እለምንሃለሁ። ሰው ለማኝ የሚሆነው እንዲህ ነው ለካ።

ይህን ጽፌ ፖስታ ቤት ልሄድ ስል አማቴ ሬዲዮኑን ከፈቱት።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፍልህ በሌላ ቀን ነው።

የዚያን ዕለት ምን እንዳልክ አንተ ታስታውሳለህ፤ ከኮረብታዎቹ በኩል እጅግ ከባድ ነጎድጓድ ነበር ያልከው፣ «እጅግ» የምትለውን ቃል ደግሞ በከንቱ አታባክናትም። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ «እሺ፣ ዛሬስ ምን አለ?» አለኝ። እውነቱም ውሸቱም አልቆብኛል። መርፌውን ሸራው ላይ ሰክቼ ተነሣሁና በነጠላ ጫማዬ ወጥቼ ቦቴው ላይ ተሳፈርኩ። በረዳቱ ቦታ።

«ውረጂ» አለኝ።

«አልወርድም።»

«ሸራው የነገ ነው ስትይ አልነበር?»

«ይቆይ።»

ጎሚስታው ከማዶ ሆኖ «አዲስ ረዳት ቀጠርክ እንዴ? ይቺማ ፍሬንህን ትይዝልሃለች!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልሳቀም። ባሌ በሩን ዘግቶ ሞተሩን አስነሣ። እስከ ወንዙ ድረስ ይተወዋል፣ ይመለሳል ብዬ አስቤ ነበር፤ አልተመለሰም። እውነቱን ልንገርህ፣ አብሬው ልሞት ነው ብዬ ነበር፤ አማቴ ራታቸውን ማን ያቀርብላቸዋል የሚለው ብቻ ነበር የሚታየኝ።

አፋፉ ላይ ቆመ። አሸዋው እንደ ሰሌን ተዘርግቶ ደርቋል። ሰማዩ በላያችን ላይ አንድ እንከን የለውም። ሻይ ሻጯ እንኳ ዕቃዋን ሰብስባ ወጥታለች፣ ዳሷ ብቻውን ቆሟል። ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ እኔ ዞሮ «ንገሪኝ እንጂ፣ ምን አለ?» አለኝ።

«እሱ ያለውን ተወው» አልኩት። «እኔ ፈርቻለሁ።»

እጁን ከማርሹ አላነሣም።

«ስለ ሰማዩ ምንም አላውቅም» አልኩት። «ደመናም ማንበብ አልችልም። እዚህ ወርደህ ማዶ ላይ ሳትወጣ ትቀራለህ ብዬ ነው የምፈራው። የቦቴህን ድምፅ እስክሰማ ድረስ ከሰዓት በኋላ ትንፋሼን ይዤ ነው የምሰፋው። ክረምቱን ሙሉ። በቃ፣ ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ቁልፉን አዞረና ሞተሩን አጠፋ። «ክረምቱን ሙሉ ስለ ነጎድጓድ ስትነግሪኝ ከረምሽ» አለ። «መፍራትሽን ግን ዛሬ ገና ሰማሁ።»

ተቀመጥን። ምንም አልመጣም። ጋቢናው ውስጥ ሙቀቱ ይጠብሰናል፣ አሸዋው እንደደረቀ ነው። በልቤ ዛሬ ባይመጣስ እያልኩ ነበር፤ የካምፑ ሰዎች በጥም፣ እኛ እዚህ እንደ ጅል፤ ነገ ጎሚስታው ቤት ምን ይባላል? ከዚያ ከሩቅ ብዙ ከባድ መኪና አብሮ የሚመጣ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ባሌ ቀና አለ። ውሃው ከመታጠፊያው ሲወጣ ቡናማ ነበር፣ እሾሃማ ዛፍ ከነሥሩ ተሸክሞ፣ ጄሪካን፣ ጎማ፣ አንድ በር የሚመስል ነገርም። የሻይ ሻጯን ዳስ ነካው ብዬ ልነግርህ አልችልም፤ አንዴ ነበረ፣ አንዴ አልነበረም። ሞተሩን ባያጠፋው ኖሮ የምንደርስበትን ቦታ በዓይኔ ለካሁት። እሱም እየለካው ነበር መሰለኝ። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ነበር፤ የባሌ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እጄን ጫንኩበት። የእኔም ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ማን ማንን እንዳስቆመ አላውቅም።

ውሃው ትንሽ ጋብ ሲል «ጥሩ ያነባል ግን» አለ። ማንን እንደሆነ ሳልጠይቀው ገባኝ። «እማዬ እውነቷን ነው። ያንብብ። እኔም ከእንግዲህ ማልጄ ነው የምወጣው፤ ረዳቱንም ሄጄ እለምነዋለሁ።» ወንዙ ጎድሎ መሬቱ እስኪጠነክር ጠብቆ በማግስቱ ማልዶ ተሻገረ፤ የካምፑ ሰዎች እንደሰደቡት ስቆ ነገረኝ። እንደ ድሮው ሳቁ ነው፣ ረዳቱ እንደፈራው ዓይነት አይደለም። ዛሬም ማልዶ ወጥቷል፣ ይህን ስጽፍልህ ቦቴው በር ላይ ቆሟል።

እንግዲህ ነገሩ ከበረደ ደብዳቤውን ለምን አትቀጂውም ትለኝ ይሆናል። ልቀደው ይዤው ነበር። ባሌ ፈቅዷል፣ አማቴ ሌላ ሰው ካነበበ ያኮርፋሉ፣ ጎሚስታው ቤትም ወሬው ሞቷል። ከእንግዲህ በዚህ ቤት በድምፅህ የሚሞት ሰው የለም።

ልመናዬ ግን እንዳለ ነው። የእኛን ከተማ ሌላ ሰው ያንብበው። አሁን የምለምንህ ስለ ባሌ ብዬ አይደለም። ለምን ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ መልስም እንዳትጽፍልኝ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ያች ልጅ ስታነብ ከሰማሁ ደብዳቤዬ እንደደረሰህ አውቃለሁ፣ ይበቃኛል።

ሳልህን ፈጣሪ ይማርልህ። ለእናትህ ጉልበት ይስጥልህ፤ ደረጃውንም ያሳጥርላቸው። ሥራህ ይባረክ፣ የምትወድህን ቤትህ ያስገባልህ፤ ከገባችም አብራህ ትቀመጥ። ሰላም ሁንልኝ።

የቦቴው ሹፌር ሚስት